ስሙ በሽፋን ላይ የማይጻፍ ባለሙያ

አንድ መጽሐፍ በእጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናየው የደራሲውን ስም ነው። ስሙ በጉልህ ፊደል በሽፋኑ ላይ ተጽፎ ስናየው፥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ ያ ሰው ብቻውን በአንድ ክፍል ተቀምጦ የጻፈው ይመስለናል። የግጥምና የልብ ወለድ ነገር ሲሆን ይህ ግምት ከእውነቱ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ነገር ግን ሐኪሙ ስለ በሽታ፥ መሐንዲሱ ስለ ድልድይ፥ የእርሻ ዐዋቂው ስለ አፈር፥ የሕግ ሰው ስለ ውል የጻፉትን መጽሐፍ ስናነብ ከዐዋቂው ኋላ የቆመ ሌላ ሰው መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ይህ ሰው የአሳታሚው ቤት አዘጋጅ፥ ዛሬ በተለመደው ስሙ አርታኢ የሚባለው ነው። ስሙ በሽፋኑ ላይ አይጻፍም፤ ቢበዛ ደራሲው በመቅድሙ መጨረሻ በአንድ መስመር ያመሰግነዋል፤ አንባቢም ያን መስመር ዘሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ሙያ ልንጽፍ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል እኩሌቶቹ ገና በትምህርት ላይ ያሉ ናቸው፤ እኩሌቶቹም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚህ ወጣቶች በየሙያቸው ሌላ ሰው የማያውቀውን ነገር የሚያውቁ ይሆናሉ። ታዲያ ያ ዕውቀት የት ሊቀመጥ ነው? በሪፖርት ተጽፎ፥ ሪፖርቱም በመሳቢያ ተቆልፎ፥ ባለቤቱ ጡረታ በወጣ ጊዜ ዕውቀቱ አብሮት ከቢሮ የሚወጣ ከሆነ፥ አባቶቻችን "የጋን መብራት" ያሉት ነገር ይኸው ነው። መብራቱ ይነዳል፤ ብርሃኑ ግን ከጋኑ አያልፍም።

የእርማትና የአርትዖት ልዩነት

አርታኢ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ቀይ ቀለም ይዞ የፊደል ግድፈትና የነጥብ ስሕተት የሚለቅመውን ሰው ነው። ያም ሥራ አስፈላጊ ነው፤ ስሙ ግን እርማት ነው፤ የሚሠራውም መጽሐፉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ነው። እኛ የምንናገርለት አርታኢ ሥራውን የሚጀምረው መጽሐፉ ገና ሳይኖር ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚቀርብለት የተበታተነ ማስታወሻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የትምህርት ክፍል ንግግር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በዐዋቂው ራስ ውስጥ ካለው ሐሳብ በቀር በወረቀት ላይ የሰፈረ ምንም ነገር የለም። ከዚህ ውስጥ የመጽሐፉን አጥንት ፈልጎ ማውጣት፥ ምዕራፎቹን በቅደም ተከተል መደርደር፥ የጎደለውን መጠየቅ፥ የበዛውንም እንዲወጣ መምከር የእርሱ ፋንታ ነው። ቤት ሲሠራ ልስኑንና ቀለሙን የሚያየው ሌላ፥ ምሰሶው የት እንደሚቆም የሚመክረው ሌላ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

ዐዋቂ ሰው ለምን ረዳት ያስፈልገዋል?

ይህን ስንል "ያን ያህል የተማረ ሰው መጽሐፉን ራሱ መጻፍ እንዴት ያቅተዋል?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ዐዋቂው የሚቸገረው ዕውቀት ስላነሰው ሳይሆን ስለበዛበት መሆኑ ነው። በአንድ ቤት ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው የደጃፉ ደረጃ አንዱ ከሌላው ከፍ ማለቱን አያስታውስም፤ እግሩ ለምዶታልና ሳያይ ይወርደዋል። እንግዳ ግን በዚያው ደረጃ ይሰናከላል። በሙያው የኖረ ሰውም እንዲሁ ነው። ለእርሱ ግልጥ የሆነውን ነገር ለሁሉም ግልጥ ነው ብሎ ይዘለዋል፤ ከባልደረቦቹ ጋር የሚነጋገርበትን ቃል የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ሃያ ምሳሌ ስላለው ሃያውንም ይጽፋል። አርታኢው በዚህ ቤት የመጀመሪያው እንግዳ ነው። የሚሰናከልበትን ቦታ እየጠቆመ "እዚህ ላይ ወደቅሁ" ይላል፤ ባለቤቱም ደረጃውን ያስተካክላል።

ይህ ሲሆን እንዴት እንደሚሆን በእውነተኛ ታሪክ ብናሳይ ይሻላል። በሚከተለው ጽሑፍ የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የወጣች ብዕር

ወይዘሪት ሬቸል ካርሰን በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ጥናት የማስተርስ ዲግሪ ያገኙ አሜሪካዊት ነበሩ። በ1935 በአገራቸው የዓሣ ሀብት ቢሮ ተቀጥረው ስለ ባሕር ፍጥረታት በሬዲዮ የሚነበቡ አጫጭር ጽሑፎች ያዘጋጁ ጀመር። አለቃቸው ሚስተር ኤልመር ሂጊንስ ለአንድ የመንግሥት ትንሽ መጽሐፍ መግቢያ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ጽሑፉ በቀረበላቸው ጊዜ ለመንግሥት መግለጫ የማይስማማ፥ ከዚያ የላቀ ሆኖ ስላገኙት፥ ሌላ መግቢያ እንዲጽፉ፥ ይህኛውን ግን ለአትላንቲክ መጽሔት እንዲልኩት መከሯቸው። ጽሑፉም በ1937 በመጽሔቱ ወጣ። ያነበበው የሳይመን ኤንድ ሹስተር አሳታሚ ቤት አርታኢ ሚስተር ኩዊንሲ ሃው ነገሩን ወደ መጽሐፍ እንዲያሰፉት ጠየቋቸው፤ የመጀመሪያው መጽሐፋቸውም በ1941 ታተመ።

እዚህ ላይ ወጣቱ ሹም ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሚስተር ሂጊንስ በሙያቸው አርታኢ አልነበሩም። ነገር ግን የበታቻቸው ሠራተኛ የጻፈችውን ወረቀት ከልብ አነበቡት፤ ለታዘዘበት ጉዳይ እንደማይሆን ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ለየትኛው አንባቢ እንደሚሆንም አመለከቱ። የአርታኢነት ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ያን ዕለት ወረቀቱን "አይሆንም" ብለው መልሰው ቢሰጧት ኖሮ በዚያው በመሳቢያ በቀረ ነበር።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው አሜሪካ ወደ ጦርነት ከመግባቷ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ስለነበረ ገዢ አላገኘም። ወይዘሪት ካርሰን ግን በመንግሥት ሥራቸው ቀጥለው በ1949 የመሥሪያ ቤቱ የኅትመት ክፍል ዋና አዘጋጅ ሆኑ። የሌሎችን ባለሙያዎች ጽሑፍ እያስተካከሉ ውለው ማታ ማታ የራሳቸውን ይጽፉ ነበር። በ1951 የወጣው ሁለተኛው የባሕር መጽሐፋቸው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የብዙ ተነባቢ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ 86 ሳምንት ቆየ፤ በ1952ም ሥራቸውን ለቅቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለመጻፍ አዋሉ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ያዘጋጁት በቦስተን ከተማ ከሚገኘው የሃውተን ሚፍሊን አሳታሚ ቤት አርታኢ ከሚስተር ፖል ብሩክስ ጋር ነው። መጀመሪያ የታሰበው በባሕር ዳር የሚገኙትን ፍጥረታት አንድ በአንድ እየዘረዘረ የሚያስተዋውቅ መምሪያ ነበር። ሥራው ግን አልሄደም። ብዙ ከደከሙ በኋላ ወይዘሪት ካርሰን ለመጻፍ ሲታገሉ የኖሩት ትክክለኛውን ዓይነት መጽሐፍ እንዳልሆነ ተረድተው ይህንኑ ለሚስተር ብሩክስ ጻፉላቸው። አዲሱም መጽሐፍ ፍጥረታቱን በስም ተራ መደርደሩ ቀርቶ በሚኖሩበት ስፍራ፥ ማለት በድንጋያማው ዳርቻ፥ በአሸዋማው ዳርቻና በዛጎል ድንጋይ ዳርቻ ተከፍሎ በ1955 ወጣ። ዕውቀቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው አደራደሩ ነው። መጽሐፍ የሚሞተውም የሚድነውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። አንድ ሌላ አሳታሚ ውሉ መምሪያ ስለሚል መምሪያውን አምጡ ባለ ነበር፤ ሚስተር ብሩክስ ግን የደራሲዋን አዲስ ሐሳብ ተቀበሉ።

ስሙን ያገኘው አርታኢው ነው

በ1958 ወይዘሪት ካርሰን ዲዲቲንና ሌሎች የተባይ መድኃኒቶችን ከአውሮፕላን ያለ ገደብ መርጨት በወፎች፥ በዓሦችና በሰውም ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለመጻፍ ከሚስተር ብሩክስ ጋር ተዋዋሉ። አጭር ይሆናል የተባለው መጽሐፍ አራት ዓመት ፈጀ። በመካከሉም ደራሲዋ በጡት ነቀርሳ ታመሙ። ለመጽሐፉ የታሰቡት ስሞች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ግን ደረቅ ነበሩ። ስለ ወፎች የሚናገረው ምዕራፍ በደረሰ ጊዜ ሚስተር ብሩክስ ለዚያ ምዕራፍ ያሰቡት "ዝምተኛው ጸደይ" የሚል ትርጉም ያለው ስም ነበረ፤ ወፍ የማይዘምርበት የጸደይ ወራት ማለት ነው። ኋላ ይኸው ስም የመጽሐፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በእንግሊዝኛ "ሳይለንት ስፕሪንግ" ተብሎ በዓለም የታወቀው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከአርታኢው ነው።

ነገሩ ግን በስም ብቻ አያበቃም። መጽሐፉ በመስከረም 1962 ከመውጣቱ አስቀድሞ ክፍል ክፍሉ በኒው ዮርከር መጽሔት ታትሞ ስለነበር የኬሚካል ኩባንያዎች ተቆጡ። ከእነርሱም አንዱ፥ ቬልሲኮል የተባለው፥ መጽሐፉ ቢወጣ በሕግ እንደሚጠይቅ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ለአሳታሚው ጻፈ። አሳታሚው ቤት ክርክር ያስነሣውን ነገር በገለልተኛ የመርዝ ጥናት ዐዋቂ አስመርምሮ ትክክል ሆኖ ስላገኘው መጽሐፉን በቀጠሮው ቀን አወጣ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ደራሲዋ የተመረኮዙባቸው ጥናቶች ዝርዝር ብቻ 55 ገጽ ሞልቶ ነበር። በዚያ ጊዜ አርታኢና ደራሲ ማስረጃቸውን አስቀድመው ባያጠብቁ ኖሮ በአንድ የተሳሳተ ቍጥር ምክንያት መጽሐፉ በሙሉ ሊወድቅ ይችል ነበር።

በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ ጉባኤ ያወጣው ሪፖርት የደራሲዋን ማስጠንቀቂያ የሚደግፍ ሆነ። ወይዘሪት ካርሰን በሚያዝያ 1964 ዐረፉ፤ በ1972 ደግሞ ዲዲቲ በአሜሪካ እርሻ ላይ እንዳይረጭ ተከለከለ። አንባቢያችን ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአገራችን የወባ ትንኝን ለማጥፋት ዲዲቲ ለብዙ ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ቆይቷል፤ መጽሐፉም የተባይ መድኃኒት ሁሉ ፈጽሞ ይቅር አላለም፤ የተቃወመው ያለ ዕውቀትና ያለ ልክ መርጨትን ነው። ነገሩ በልክ ተነግሮ ስለነበር ተቃዋሚዎቹ ሊጥሉት አልቻሉም። ልኩን ማስጠበቅም ከአርታኢው ሥራ አንዱ ነው።

ጥያቄ ያናደዳቸው ፕሮፌሰር

ሌላው ምሳሌያችን እንግሊዛዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ፕሮፌሰር ስቲቨን ሆኪንግ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በደዌ ምክንያት ሰውነታቸው የማይታዘዝላቸው፥ ከ1985 ወዲህም ድምፃቸውን ያጡ ነበሩ። ስለ ዓለም አፈጣጠርና ስለ ጊዜ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚሸጥ፥ ማንም ሰው የሚያነበው መጽሐፍ ለመጻፍ ፈለጉ። ረቂቁን የተቀበሉት የባንታም አሳታሚ ቤት አርታኢ ሚስተር ፒተር ጉዛርዲ የሥነ ፍጥረት ሊቅ አልነበሩም፤ ያልገባቸውን ነገር ሁሉ እየጻፉ ገጽ በገጽ ላይ የተደራረበ ጥያቄ ላኩላቸው። ፕሮፌሰሩ በመጽሐፉ ምስጋና ላይ እንደገለጡት፥ ያ ረጅም ዝርዝር በደረሳቸው ጊዜ ተናደው ነበር፤ ነገር ግን አርታኢው ልክ እንደነበሩና መጽሐፉም በዚህ ምክንያት እንደተሻሻለ መስክረዋል። መጽሐፉ በ1988 ወጥቶ ከአሥር ሚሊዮን ቅጅ በላይ ተሸጧል። በውስጡ ያለው የሒሳብ ቀመር አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቀመር የገዢውን ቍጥር በግማሽ ይቀንሰዋል ተብለው ስለተመከሩ የአይንሽታይንን የታወቀ ቀመር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ተዉት።

ከዚህ የምንማረው አርታኢ በደራሲው ሙያ ሊቅ መሆን እንደማያስፈልገው ነው። እንዲያውም አለማወቁ መሣሪያው ነው። ነገር ግን አለማወቁን የማያፍርበት፥ እንደገባው አድርጎ ራሱን የማይነቀንቅ ሰው መሆን አለበት። በስብሰባ ላይ ያልገባንን ነገር እንደገባን አድርገን ማለፍ ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

የሚናገር እንጂ የማይጽፍ ዐዋቂ

መናገር የሚሆንላቸው፥ ብዕር ሲይዙ ግን የሚደነግጡ ዐዋቂዎችም አሉ። በ1934 የሳይመን ኤንድ ሹስተር ሰው የነበሩት ሚስተር ሊዮን ሺምኪን፥ ሚስተር ዴል ካርኔጊ በኒው ዮርክ አቅራቢያ ስለ ንግግርና ስለ ሰው አያያዝ የሚሰጡትን ትምህርት ገብተው ተማሩ። ትምህርቱ መጽሐፍ ሊወጣው እንደሚችል ስለታያቸው መምህሩን ጠየቋቸው። ሚስተር ካርኔጊ ሲያመነቱም፥ ንግግራቸውን በፈጣን ጽሕፈት የሚቀዳ ሰው እንዲቀመጥና የተቀዳው እየታረመ መጽሐፍ እንዲሆን አግባቧቸው። በ1936 ወዳጅ ስለማፍራት የወጣው ዝነኛው መጽሐፍ የዚህ ፍሬ ነው፤ እስከ ዛሬም በብዙ ቋንቋ ይነበባል። ዛሬ ፈጣን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው መፈለግ አያስፈልግም፤ በኪስ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ሽማግሌ ሐኪም፥ የቆየ ዳኛ፥ ወይም የድልድይ ሥራ መሪ ሲናገር ቀርጾ፥ ገልብጦ፥ አደራጅቶ መልሶ የሚያቀርብለት ሰው ግን ዛሬም ይፈለጋል።

በአገራችን የነበረ አደራ

ይህ ሥራ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የግዕዙን መዝገበ ቃላት ታሪክ ያስታውስ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ሳይፈጽሙት ዐረፉ፤ ሥራውንም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በአደራ ተዉላቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ብዙ ዓመት በኢየሩሳሌም ተቀምጠው፥ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው ደከሙበት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። አደራው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። አለቃ ደስታም ጽሑፉን አሰናድተው "መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ" የተባለው ታላቅ መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. እንዲታተም አደረጉ። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው።

አለቃ ደስታ ራሳቸው ታላቅ የቋንቋ ሊቅ ሳሉ የመምህራቸውን መጽሐፍ አስቀደሙ። መጽሐፉም ዛሬ የሚጠራው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ስም ነው። የግዕዝ ተማሪ ሁሉ በየቀኑ የሚገልጠው ያ መጽሐፍ በሦስት ሰዎች እጅ አልፎ የመጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያስበውም። ከሦስቱ አንዱ አደራውን ቢተው ኖሮ ወረቀቱ ዛሬ የት እንደሚገኝ ማን ያውቃል? "አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ" የሚባለው ለገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሥራው በተግባር

አሁን ሥራው በዕለት ዕለት ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንይ። አንድ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ባለሙያ አለ እንበል። በደጋው አገር ሃያ ዓመት እርከን ሲያሠራ ኖሯል፤ አሥራ አንድ ሪፖርት ጽፏል፤ ሪፖርቶቹ ሁሉ "መግቢያ" ብለው ጀምረው "የመፍትሔ ሐሳብ" ብለው ያልቃሉ። አርታኢው ሪፖርቶቹን ካነበበ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ስለ ጽሑፉ አያነሣም። "ይህን መጽሐፍ ማን እንዲያነበው ይፈልጋሉ?" ብሎ ይጠይቃል። "ሁሉም ሰው" የሚለውን መልስ አይቀበልም፤ ለሁሉም የተጻፈ ለማንም አልተጻፈምና። ባለሙያው አስቦ "ከኮሌጅ ወጥቶ ወደ ወረዳ ለሚመደበው ልጅ" ይላል። በዚያች ደቂቃ የመጽሐፉ ግማሽ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ያ የወረዳው ልጅ ነውና።

ቀጥሎ "በሃያ ዓመት ውስጥ የፈረሰብዎ እርከን የትኛው ነው? ለምንስ ፈረሰ?" ይለዋል። በአሥራ አንዱ ሪፖርት ውስጥ ስለ ፈረሰ እርከን አንድ ቃል የለም። ባለሙያው ግን ሳቅ ብሎ ይጀምርና ሁለት ሰዓት ያወራል፤ ውሃ መውረጃው ጠብቦ እንደነበር፥ ገበሬዎቹ አስቀድመው እንደነገሩት፥ እርሱም በሁለተኛው ክረምት እንደተረዳው ይናገራል። አርታኢው ማስታወሻውን ዘግቶ "የመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ነው" ይላል።

ከዚያ የዓረፍተ ነገር ሥራ ይመጣል። በሪፖርቱ "በተፋሰሱ የላይኛው ክፍል የሚከሰተው የአፈር መሸርሸር መጠን በመሬቱ ተዳፋትነት፥ በዝናቡ ጥንካሬና በዕፅዋት ሽፋን ማነስ ምክንያት ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል" ተብሎ ተጽፏል። አርታኢው "ዳገቱ በቀና፥ ዝናቡ በበረታ፥ መሬቱም በተራቆተ መጠን ጎርፉ ብዙ አፈር ይዞ ይወርዳል" ቢባልስ ብሎ በእርሳስ ይጽፍለታል። ባለሙያው አንብቦ "መልካም ነው፤ ግን የዳገቱ ቁመትም አለበት፤ ረጅም ዳገት ውሃውን ያፈጥነዋል" ብሎ ይጨምርበታል። እነሆ፥ አርታኢው ቋንቋውን ሲያቀና ባለሙያው እውነቱን አቀና። ሁለቱ የሚያደርጉት ይህን በየገጹ መደጋገም ነው። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" የተባለው ለዚህም ያገለግላል።

መጽሐፉ የማን ነው?

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ፈተና አለ። ብዕሩ የሰላ አርታኢ ሳያስበው የራሱን መጽሐፍ መጻፍ ይጀምራል። ባለሙያው "ሊሆን ይችላል" ያለውን እርሱ "ነው" ያደርገዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያምርለታልና። ባለሙያው ያላየውን ነገር ለማጣፈጫ ይጨምርበታል። ይህ የሆነ ቀን መጽሐፉ ውብ ውሸት ይሆናል፤ በአደባባይ የሚጠየቅበት ግን ስሙ በሽፋኑ ላይ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ጥሩ አርታኢ የለወጠውን ሁሉ ለባለቤቱ ያሳያል፤ ባለቤቱ "ይህን አላልሁም" ካለ ያለ ክርክር ይመልሰዋል። አነጋገሩም የባለሙያው ሆኖ መቅረት አለበት፤ የጎንደሩ ሐኪም እንደ ጎንደር ሰው፥ የወሎው መምህር እንደ ወሎ ሰው ሲናገር መሰማት ይገባዋል እንጂ ሁሉም መጽሐፍ በአርታኢው አፍ መናገር የለበትም።

ሌላው ፈተና በእኛ አገር በይበልጥ የሚሰማ ነው። ዐዋቂው ብዙ ጊዜ በዕድሜም በማዕርግም ከአርታኢው ይበልጣል። ታላቅን ማረም እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፥ ወጣቱ አርታኢ ያልገባውን ምዕራፍ "እጅግ ግሩም ነው" ብሎ ያሳልፈዋል። አክብሮት መስሎታል፤ ነገር ግን ሽማግሌውን በአደባባይ ለሚመጣ ትችት አሳልፎ መስጠቱ ነው። ብልሃቱ ማረምን በጥያቄ ማድረግ ነው። "ይህ ተሳስቷል" ከማለት "ጌታዬ፥ በሦስተኛው ምዕራፍ ያሉት ከዚህኛው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ቢያስረዱኝ" ማለት ይቻላል። ታላቁ ሰው ሲያስረዳ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ክብሩም አይነካም። ጥያቄው እንደ ፕሮፌሰር ሆኪንግ ቢያናድደው እንኳ፥ መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ማመስገኑ አይቀርም።

ለወጣቶች የምንለው

አርታኢ መሆን የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ከማንበብ ቀጥሎ ሊለማመደው የሚገባው ነገር ማዳመጥ ነው። ከአባቱ፥ ከጎረቤቱ ወይም ከመምህሩ አንዱን ስለ ሥራው ጠይቆ፥ የሰማውን በሁለት ገጽ ጽፎ፥ ለተናጋሪው ያንብብለት። ሰውዬው "አዎን፥ ያልሁት ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም እኔ ካልሁት ይልቅ ግልጥ ሆኗል" ያለ ቀን ተማሪው ሙያውን ጀምሯል። "ይህስ የእኔ አይደለም" ካለም ደግሞ ተመልሶ ይጠይቅ።

በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ሹም ደግሞ ሁለት ዕድል አለው። አንደኛው የራሱን ዕውቀት ገና ትኵስ ሳለ መመዝገብ ነው፤ ለአለቃ ከሚቀርበው ሪፖርት ሌላ፥ ያልተሳካውንና የተማረበትን የሚጽፍበት አንድ ደብተር ይኑረው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አርታኢ የሚፈልገው ያንን ደብተር ነው። ሁለተኛው ዕድል በአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ የተቀመጠው፥ ጡረታው የቀረበ ባልደረባው ነው። ያ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ፥ የወንዞቹን ጠባይ፥ የፋይሉን መነሻ ያውቃል፤ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ግን አልተናገረም። የስንብቱ ግብዣ ተደርጎ፥ ስጦታው ተሰጥቶ፥ ንግግር ተደርጎለት በሄደ በሳምንቱ "ይህን እርሱ ነበር የሚያውቀው" እያሉ መጸጸት ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ፥ ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት፥ ወንበሩን ወደ እርሱ አስጠግቶ "ጋሼ፥ ይህ ነገር መጀመሪያ እንዴት ነበር?" ብሎ ይጠይቀው፤ እርሳስና ወረቀትም ይያዝ።